የኅዳር በሽታ፥ የኮቪድ ዘመንና ያልተቈጠሩ ሙታን

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ መንገዱ ሁሉ በጢስ ተሸፍኖ እናገኘዋለን። በየደጃፉ ቆሻሻው ተጠርጎ ይከመርና ይቃጠላል፤ ትንንሾቹ ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ይዘላሉ፤ እናቶቻችንም «ኅዳር ሲታጠን ነው» ይሉናል። እኛም ለብዙ ዓመት ከዚህ የበለጠ ነገር ሳንጠይቅ ዓይናችንን እያሻሸን አልፈናል። ባለፈው ዓመት ግን የታሪክ መምህራችን ይህ ጢስ የምን መታሰቢያ እንደ ሆነ ካስረዱን በኋላ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «ለመሆኑ በዚያ በሽታ ስንት ሰው ሞተ?» ሲል ጠየቀ። መምህራችን ጥቂት ዝም አሉና «እስኪ እናንተ ፈልጋችሁ ንገሩኝ» አሉን። ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ከዚያ ጥያቄ ነው። የጀመርነው በ1911 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ ሳናስበው ወደ ራሳችን የልጅነት ዘመን ደረስን። የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የአገራችንን ግን እንደ ራሳችን አቈጣጠር የጻፍን መሆናችንን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው በሽታ በአውሮፓ «የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» ይባል የነበረው ነው። በአውሮፓ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቆመው በዚያው ወር በሁለተኛው ቀን ሲሆን፥ እዚህ ደግሞ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ቀባሪ ታጣ፤ አንዱ ሌላውን የሚያስታምምበት ጉልበት አልነበረውም። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ድነዋል፤ በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ላይ በአዲስ አበባ ከ10,000 በላይ ሰው እንደ ሞተ ጽፈዋል። እኛም ይህን ቍጥር ይዘን ደስ ብሎን ወደ መምህራችን ሄድን። እርሳቸው ግን «ማን ቈጠረው? ከአዲስ አበባ ውጭስ?» ብለው መለሱን።

እውነትም በዚያ ዘመን የሞተውን ሰው ስም ጽፎ የሚይዝ የመንግሥት መዝገብ አልነበረም። ዐሥር ሺሕ የሚለው ቍጥር በዚያ ወራት የነበሩ ሰዎች ያዩትን መከራ የገመቱበት ነው እንጂ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት ተብሎ የተደመረ አይመስለንም። ሞት በዐሥር ሺሕ ተጠቅልሎ አይመጣምና። ስለ ክፍላተ ሀገር ሰው ደግሞ ይህን ያህል እንኳ የሚጠቀስ ድምር አላገኘንም።

ይህ ጕድለት የእኛ አገር ብቻ አለመሆኑን ስናውቅ ግን ተገረምን። ኤድዊን ጆርዳን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1927 በዓለም ሁሉ የሞተውን ሰው 21 ሚልዮን ያህል ነው ብሎ ጻፈ። በ1951 ኪንግስሊ ዴቪስ የተባለ ሌላ ሊቅ የሕንድን አገር የሕዝብ ቈጠራ መርምሮ በሕንድ ብቻ 20 ሚልዮን ያህል ሰው ሳይሞት አልቀረም አለ። በ1991 የዓለሙ ድምር ከ24 እስከ 39 ሚልዮን ደረሰ፤ በ2002 ደግሞ 50 ሚልዮን ሆነ፤ ይህንንም ያሉት ሰዎች ምናልባት እስከ 100 ሚልዮን ሊደርስ እንደሚችል ጨመሩበት። በ2018 ሦስት ተመራማሪዎች ተነሥተው የለም፥ 17 ሚልዮን ተኩል ያህል ነው አሉ። ሙታን በመቃብራቸው ሆነው አይበዙም፥ አያንሱምም፤ የሚበዛውና የሚያንሰው መዝገብ ለሌለው አገር የሚሰጠው ግምት ነው። በ1918 የሞተ አንድ የለንደን ሰው በስሙ ይታወቃል። በዚያው ሳምንት የሞተ አንድ የወሎ ገበሬ ግን እንደ ሊቁ አሳብ አንድ ጊዜ ይገባል፥ አንድ ጊዜ ይወጣል።

የለንደኑ ሰው የታወቀበት ምክንያት ቀላል ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1837 ጀምሮ ልደት፥ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ ይጻፍ ነበር። በዚያ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ ዊልያም ፋር የሚባል ሐኪም በ1847 ክረምት ኢንፍሉዌንዛ በለንደን ሲገባ አንድ ብልህ ነገር አደረገ። ሐኪሞች «በኢንፍሉዌንዛ ሞተ» ብለው የጻፉትን ብቻ መቍጠር ትቶ፥ በዚያ ወራት በማናቸውም ምክንያት የሞተውን ሰው ሁሉ ደመረ፤ ከዚህም በደኅናው ዘመን በዚያ ወራት ይሞት የነበረውን ያህል ቀነሰ። የቀረው ከ5,000 የሚበልጥ ነፍስ በሽታው የወሰደው ነው አለ። ብዙዎቹ ግን በመዝገቡ ላይ በሳል፥ በሳንባ ወይም በእርጅና እንደ ሞቱ ተጽፈው ነበር።

ይህ ዛሬ በእንግሊዝኛው አነጋገር «ትርፍ ሞት» የሚባለው ነው። ቃሉ ለጆሮ ደስ አይልም፤ ማን ሞትን ትርፍ ብሎ ይጠራዋል? ሌላ አጭር ቃል ስላላገኘን ግን በዚሁ እንቀጥላለን። የዚህ ዘዴ ጥሩነት ሐኪሙ ቢሳሳትም፥ መንግሥት ሊደብቅ ቢፈልግም፥ መርማሪ መሣሪያ ባይኖርም የሞተውን ሰው አለማጣቱ ነው። ክፉነቱ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቆ መጠየቁ ነው፤ ይኸውም በደኅናው ዓመት ስንት ሰው ይሞት እንደ ነበረ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ወረርሽኙ ከገባ በኋላ መቍጠር የጀመረ አገር ከምን ላይ ይቀንሳል?

እንግዲህ ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ወዲያውም ትምህርት ቤት ተዘጋና ልጆች ሆነን በቤታችን ተቀመጥን። ማታ ማታ በቴሌቪዥን «ዛሬ ይህን ያህል ሰው ተያዘ፥ ይህን ያህል ሞተ» ሲባል እንሰማ ነበር። በኢትዮጵያ በኮቪድ ሞቱ ተብሎ በመንግሥት የተመዘገበው ሁሉ ቢደመር ከ7,500 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከመቶ ሚልዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ይህ እጅግ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰውም አፍሪቃን እግዚአብሔር ማራት፥ ፀሐይዋ ጠበቀቻት፥ ሕዝቧ ወጣት ስለ ሆነ ተረፈ ይል ነበር። የሕዝቧ ወጣትነት እውነት ነው፤ በእርግጥም ሳይረዳ አልቀረም። ነገር ግን በቴሌቪዥን የሚነገረው ቍጥር ምርመራ ተደርጎለት የተገኘበት ሰው ቍጥር ነበር። ምርመራ ያልደረሰበት ሰው በዚያ ቍጥር ሊገባ አይችልም።

ከመካከላችን የአንደኛው አያት በዚያ ሰሞን በገጠር ታመሙ። ትንፋሽ አጥሯቸው ሦስት ቀን ተኝተው ዐረፉ፤ በማግሥቱም በደብራቸው ተቀበሩ። የመረመራቸው ሐኪም የለም፤ የመዘገባቸው ጸሐፊም የለም። በምን እንደ ሞቱ እኛም አናውቅምና በኮቪድ ሞቱ አንልም። ነገር ግን እኒህ እናት በየትኛው ሠንጠረዥ አሉ ብለን ብንጠይቅ በአንዱም የሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ጕድለት ለመሙላት ሊቃውንትን ሰብስቦ በግንቦት ወር 2022 አንድ ታላቅ ድምር አወጣ። በ2020ና በ2021 በዓለም የደረሰው ትርፍ ሞት 14.9 ሚልዮን ነው ተባለ፤ መንግሥታት በኮቪድ ሞቱ ብለው ያስታወቁት ግን 5.4 ሚልዮን ብቻ ነበር። ከሁለት ወር በፊት በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያለ ሌላ ተቋም ለነዚያው ሁለት ዓመታት 18.2 ሚልዮን ብሎ ነበር። በሁለቱ ድምር መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት ሚልዮን ይበልጣል። ሦስት ሚልዮን ሰው መኖሩና አለመኖሩ ያልታወቀው ሊቃውንቱ መደመር ስለማያውቁ አይደለም። ከ194 አገሮች መካከል በወር በወሩ የሞተውን ሕዝብ፥ ሙሉም ባይሆን በከፊል፥ ለመላው አገር ማስታወቅ የቻሉት መቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከአፍሪቃ አገሮች አብዛኞቹ ምንም አልነበራቸውም። ስለዚህ ለእነዚህ አገሮች የተጻፈው ቍጥር መዝገብ ካላቸው አገሮች ልማድ ተነሥቶ፥ የአገሩን ገቢ፥ የአየሩን ሙቀት፥ የምርመራውን ውጤትና ይህን የመሰለውን ሁሉ አስልቶ የተገመተ ነው። በትክክል ሲነገር ሙታናችን የተሰሉት በሌሎች አገሮች ሙታን ነው።

ግምቱን የማይቀበሉ መንግሥታትም ነበሩ። ለሕንድ 4.7 ሚልዮን ተብሎ ሲወጣ የሕንድ መንግሥት ያስታወቀው 481,000 ያህል ስለ ነበረ ዘዴው ትክክል አይደለም ሲል ተቃወመ። በሌላ በኩል የፔሩ መንግሥት ያደረገው በእውነቱ የሚመሰገን ነው። የሞት መዝገባቸውን አስመርምረው በግንቦት 2021 መጨረሻ የኮቪድ ሙታናቸውን ከ69,342 ወደ 180,764 ከፍ አደረጉ። በአንድ ቀን ከዓለም ሁሉ ለሕዝቡ ብዛት እጅግ ብዙ ሰው የሞተበት አገር መሆናቸውን በራሳቸው አፍ ተናገሩ። ይህን ለማድረግ ድፍረት ብቻ አይበቃም፤ መዝገቡም ሊኖር ይገባል። ደቡብ አፍሪቃም መዝገብ ስላላት የሕክምና ምርምር ጉባኤዋ በየሳምንቱ ትርፉን ያስታውቅ ነበር፤ መንግሥት በኮቪድ ሞቱ ያላቸው 100,000 ያህል ሲሆኑ ትርፉ ከ300,000 በላይ ደርሷል። ከጐረቤቶቿ ይልቅ በደቡብ አፍሪቃ ብዙ ሰው ሞተ ሲባል፥ ምን ያህሉ በበሽታው ክፋት፥ ምን ያህሉስ በቈጠራው ደኅንነት እንደ መጣ ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

መዝገብ ያላቸውም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። በእንግሊዝ በየሳምንቱ የሚታተመው ቍጥር ሰው የሞተበትን ሳይሆን ሞቱ የተመዘገበበትን ቀን የሚከተል ስለ ሆነ፥ በገና ሰሞን መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ሞትም ያረፈ ይመስላል። በአውሮፓ ከ2008 ጀምሮ የብዙ አገሮችን ሞት በየሳምንቱ የሚከታተል ማኅበር አለ፤ ከአውሮፓ ውጭ ግን ዓለምን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ እንዲህ ያለ ነገር ኮቪድ ሲመጣ አልተገኘም። ካርሊንስኪና ኮባክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፥ አንዱ በእስራኤል አንዱ በጀርመን ተቀምጠው፥ ከየአገሩ ያገኙትን እየለቀሙ በ2021 የ103 አገሮችንና ግዛቶችን ቍጥር አሳተሙ። ሁለት ሰዎች ይህን መሥራታቸው ያስደንቃል፤ ለሁለት ሰዎች መተዉ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል።

ጀርመን ላይ የደረሰውን ስናነብ ግን መጽናናት ቃጣን። ጀርመን የሞተውን ሰው አንድ ሳይቀር ትመዘግባለች። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ የጀርመንን ትርፍ 195,000 ብሎ ካወጣ በኋላ ወዲያው አርሞ 122,000 አደረገው። ስሕተቱ በሙታኑ ቍጥር ላይ አልነበረም፤ በደኅናው ዓመት ሊሞት ይገባው የነበረውን ሲያሰሉ መስመሩ ስለ ጐበጠባቸው ነው። መዝገብ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ የደኅናው ዓመት ራሱ በግምት በተጻፈበት አገር ምን ይሆን?

አሁን እጅግ ወደ ደነቀን ነገር ደርሰናል። መዝገብ በሌለበት አገር እንኳ ሙታንን ለመቍጠር የደከሙ ሰዎች አሉ። በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም 2020 ድረስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሬሳ ቤት ከመጡት መካከል የ364 ሰዎች ሬሳ ተመረመረ። በ70ው ላይ የኮቪድ ተሕዋስ ተገኘ፤ ይኸውም ከአምስት ሰው አንድ ያህል ማለት ነው። አብዛኞቹ ሟቾች በሆስፒታል ሳይሆን በቤታቸው የሞቱ ነበሩ፤ በሕይወት ሳሉ የተመረመሩትም በጣት የሚቈጠሩ ብቻ ናቸው። በሽታው አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ፈላጊው ነው።

ከባሕሩ ማዶ በየመን አገር በኤደን የተደረገው ደግሞ ከዚህም ይልቃል። በዚያ ጊዜ ኤደን በጦርነት የተጐዳች ስለ ነበረች ማን ሞተ ብሎ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት በደንብ አልቆመም። የለንደን የጤና ትምህርት ቤት ሊቃውንት ታዲያ ከሰማይ ተመለከቱ። በሰው ሠራሽ ጨረቃ የተነሡ የዐሥራ አንድ መካነ መቃብር ፎቶግራፎችን ወስደው፥ ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት በየሳምንቱ ስንት አዲስ መቃብር ይቈፈር እንደ ነበረና ከገባ በኋላ ስንት እንደ ተቈፈረ አስተያዩ። ከሚያዝያ እስከ መስከረም 2020 ድረስ በኤደን ከተለመደው በላይ ከ2,000 የሚበልጥ ሰው ሳይቀበር አልቀረም አሉ። ዊልያም ፋር በመዝገብ ያደረገውን እነርሱ በአፈር ላይ አደረጉት። እኛ ይህን ባነበብንበት ማታ ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን በሌላው አገር መቃብር ላይ ከሰማይ ማፍጠጥ ነውር ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ከመረሳት ይሻላል አልን። እስካሁንም አልተስማማንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ አሳቡ አዲስ እንዳልሆነ አገኘን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፥ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፍ በሰፊው ደንግጓል። ሆኖም የዚያው ሕግ 3361ኛ ቍጥር ስለ መዝገቡ የተነገረው ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ተፈጻሚ እንዳይሆን አደረገ። ትእዛዙ እየተጠበቀ ከአምሳ ዓመት በላይ አለፈ። በመጨረሻ አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባውም በመላ አገሪቱ በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ኮቪድ ሲገባ እንግዲህ መዝገቡ የአራት ዓመት ሕፃን ነበር። የልደት ወረቀት ለትምህርት ቤት ይጠየቃልና ሰው ይወስዳል፤ የሞት ወረቀት ግን ውርስ ወይም ጡረታ ከሌለው ማን ብሎ ይሄዳል? በአዲስ አበባ ግን ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው በኤድስ የሚሞተውን ሰው ለማወቅ ብሎ በየመካነ መቃብሩ የሚቀበረውን ያስመዘግብ እንደ ነበረ አንብበናል፤ ይህን ያሰቡ ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። ገጠሩ ግን ከዚህ ውጭ ነው።

በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «እድርስ?» አለ። በእርግጥም በአገራችን ሰው ሲሞት ሳይጽፍ የማያልፍ ማኅበር ቢኖር እድር ነው፤ ገንዘብ ይከፈልበታልና። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን አጠገብ ያለውን እድር ጸሐፊ አንድ እሑድ ሄደን «አባባ፥ እባክዎ መዝገቡን ያሳዩን» ብለን ለመናቸው። «ልጆቼ፥ የሞተ ሰው ምን ያደርግላችኋል?» ብለው ሣቁ፤ ነገሩን ስናስረዳቸው ግን ዝም አሉና መዝገቡን ከሣጥን አውጥተው ሰጡን። በዚያ ዓመት ሰው መሰብሰብ በተከለከለበት ወራት እንኳ የቀብሩ ገንዘብ ሳይከፈል የቀረ ቤተ ሰብ እንደሌለ ነገሩን።

እኛም ዊልያም ፋርን ልንሆን እርሳስና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ሁለት እሑድ ሠራን፤ አልሆነልንምም። መዝገቡ የሟቹን ስም፥ ቀኑንና የተከፈለውን ገንዘብ ይላል እንጂ ዕድሜውን አይልም። እድርተኛው በክፍለ ሀገር ያለች እናቱ ስትሞትም ይከፈለዋልና ከተጻፉት ሙታን መካከል በሰፈሩ የኖሩት የትኞቹ እንደ ሆኑ መለየት አልቻልንም። አንዳንዱ ቤት ደግሞ በሁለት እድር ስለሚገባ በሌላው መዝገብ እንደገና ይቈጠራል። ከሁሉ የከፋው ግን ከ2011 ዓ.ም. በፊት የነበረው መዝገብ አለመገኘቱ ነው፤ ጸሐፊ ሲለወጥ በአንድ ሰው እጅ ቀርቶ ጠፍቷል። የክፉውን ዓመት ቍጥር ይዘን የደኅናዎቹን ዓመታት አጣን። ዓለም ሁሉ በሠንጠረዥ የሚከራከርበትን ነገር በአንድ አሮጌ ሣጥን አጠገብ ቍጭ ብለን አየነው።

ከአያቶቻችን አንዳንዶቹ ሰው መቍጠር ደግ አይደለም ይላሉ፤ ዳዊት ሕዝቡን ቢቈጥር መቅሠፍት ወረደበት ብለውም ከመጽሐፍ ይጠቅሱልናል። አባባ ጸሐፊውም ይህን ያውቃሉ። ሆኖም በመጨረሻው እሑድ ልንሰናበታቸው በሄድን ጊዜ ገና ያልተጻፈበትን አዲሱን መዝገብ አውጥተው በፊታችን ዘረጉት፤ «መሥመር የምታሰምሩበት ማስመሪያ ይዛችኋል?» ሲሉም ጠየቁን። ከመካከላችን አንደኛዋ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። በየገጹ ላይ ሁለት ዐምድ ጨመርን፤ በአንደኛው ራስ ላይ «ዕድሜ»፥ በሁለተኛው ላይ «የሞተበት ስፍራ» ብለን ጻፍን። መዝገቡ መቶ ገጽ ስለ ነበረው አስምረን እስክንጨርስ መሸብን።